ቁንጭር አልድን ሲል፦ የዘረመል ትንተና የሚመልሰውና የማይመልሰው ጥያቄ

ፊት ላይ የወጣ ቁንጭር ለሳምንታት መርፌ ተወግቶለት ሳይጠፋ ሲቀር፣ ጅማ ውስጥ ከታካሚውም ከአስታማሚውም፣ አንዳንዴም ከባለሙያው አፍ ቶሎ የሚወጣው ቃል «መድኃኒቱን ለምዶታል» የሚል ነው። የበሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ዘረመል በላብራቶሪ ማንበብ እየተለመደ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ይኸው አነጋገር የሳይንስ ማረጋገጫ ያገኘ መስሏል። መድኃኒት የተላመደ የቆዳ በሽታ ተሕዋስ በዘረመል ተለየ የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ብዙ ሰው ሰፈሩ ያለው ያልዳነ ቁስልም የዚያው ዓይነት ነው ብሎ ይደመድማል።

ነገሩ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። ሕክምና አለመሳካቱ አንድ ነገር ነው፤ ተሕዋሱ መድኃኒት መላመዱ ሌላ ነገር ነው። የዘረመል ትንተና ሁለቱን ለመለየት ትልቅ አቅም አለው። ይሁን እንጂ የሚለየው ናሙናው በትክክለኛው ጊዜ፣ ከትክክለኛው የቁስል ክፍል ተወስዶ፣ በሽተኛው ምን ያህል መድኃኒት ለስንት ቀን እንደወሰደ ከሚያሳይ መዝገብ ጋር ሲቀርብለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ውድ የሆነው ምርመራ ዘረመሉ የተጻፈበትን ብዙ ፊደል ያነብና ምንም ሳይነግረን ይቀራል።

## በሽታው፣ ዝንቧና ሽኮኮው

ቁንጭር ሌሽማንያ በሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ የቆዳ በሽታ ነው። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ አብዛኛውን ቁንጭር የሚያመጣው ዝርያ ሌሽማንያ ኤትዮፒካ ይባላል። በቆላ የሚታወቀውና ጣፊያን የሚያሳብጠው ካላ አዛር የዚሁ ወገን ቢሆንም የሚያመጣው ሌላ ዝርያ፣ ሌሽማንያ ዶኖቫኒ ነው።

ተሕዋሱን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የወባ ትንኝን ለምዶ ለሚያይ ዓይን በቀላሉ አትታይም፤ ስትበርም ድምፅ የላትም። በማዕከላዊው ደጋ ፍሌቦቶመስ ሎንጊፐስ፣ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር የተባሉት ዝርያዎች ዋነኞቹ ናቸው። ተሕዋሱ ዓመቱን ሙሉ ተጠልሎ የሚኖረው ግን በገደልና በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ በሚኖረው ሽኮኮ ላይ ነው። ሽኮኮ ብዙም ሳይታመም ተሕዋሱን ይሸከማል፤ ሰው በገደሉ አጠገብ ቤት ሲሠራ፣ ከብት ሲያግድ ወይም ሲያድር በዝንቧ ይነደፋል።

በኢትዮጵያ በዓመት ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰው በቁንጭር እንደሚያዝ ይገመታል። ኦቾሎ፣ ኩታበር፣ ሰበታና ስልጢ በጥናት ደጋግመው ከተነሡት ቦታዎች ይገኙበታል። ጅማ ለዚህ በሽታ ያላት ትልቁ ድርሻ የሪፈር ከተማነቷ ነው። በደቡብ ምዕራብ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ያልዳነላቸውን የቆዳ ሕመምተኛ የሚልኩት ወደዚህ ስለሆነ፣ ከተማዋ ውስጥ የሚታየው ቁንጭር ብዙውን ጊዜ ቆይቶ የመጣ፣ የተነካካና አስቸጋሪው ዓይነት ነው። ይህን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ሪፈር ሆስፒታል ላይ ተቀምጦ የሚቆጥር ሰው የከሸፈውን ሕክምና እንጂ መንደር ውስጥ የዳነውን አያይም።

በሽታው ሦስት መልክ አለው። አንደኛው በአንድ ቦታ ተወስኖ የሚቀር ቁስል ነው፤ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ጠባሳ ጥሎ በራሱ ሊድን ይችላል። ሁለተኛው የአፍንጫና የከንፈር ስስ ቆዳን የሚበላው ነው። ሦስተኛው በመላ ሰውነት ተበትኖ ዕጢ የሚመስል እብጠት የሚያወጣው ነው፤ ይህ የሰውየው የመከላከል ኃይል ተሕዋሱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ስለማይነሣበት በራሱ አይድንም፤ በመድኃኒትም ለመዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

## «አልዳነም» እና «ለምዷል»

ለቁንጭር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኛው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነው፤ አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን የሚሠራ መርፌ። በመላ ሰውነት እንዲሠራ ሲሰጥ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 20 ሚሊ ግራም ሆኖ እስከ 28 ቀን ይዘልቃል። ትናንሽና ጥቂት ቁስሎች ላይ ደግሞ በቀጥታ ቁስሉ ውስጥ ይወጋል፤ ወይም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ቁስሉ ይቃጠላል።

መድኃኒቱ ሳይሠራ ከሚቀርባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ ከዘረመል ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። አንዱን ጠጋ ብለን በስሌት እንየው። በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ያለው ብልቃጥ ተይዞ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢታከም፣ የቀኑ መጠን 1,200 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 12 ሚሊ ሊትር ነው። ቀድሞ በነበረው መመሪያ ግን የቀኑ ጣሪያ 850 ሚሊ ግራም ነበር። ያንን የለመደ ባለሙያ 8.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሰጥ፣ ታካሚው የሚያገኘው በኪሎ 14 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ከሚገባው መጠን ሲሦ ያህሉ ቀረ ማለት ነው። ይህ ሰው ሳይድን ሲቀር ተሕዋሱን መጠርጠር ስሕተት ነው።

ቁስሉ ውስጥ በሚወጋው መርፌም እንዲሁ ነው። ፈሳሹ መግባት ያለበት በቁስሉ ዙሪያ ባለው ያበጠ ጠርዝ ቆዳ ውስጥ፣ ጠርዙ ነጭ እስኪሆን ድረስ ነው፤ እንደ ቁስሉ ስፋት በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። መርፌው ጠልቆ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ውስጥ ከገባ መድኃኒቱ ተሕዋሱ ካለበት ሳይደርስ ወደ ደም ይሄዳል። የተወጋበት ቦታ ነጭ ካልሆነና ፈሳሹ ያለ ምንም ግፊት ከገባ፣ ያ መርፌ ቦታውን ስቷል።

በደቡብ ምዕራብ ደግሞ የቀጠሮ ነገር አለ። በየቀኑ ለ28 ቀን መርፌ መወጋት ማለት ከገጠር ለመጣ ሰው አንድ ወር ከቤት ርቆ ማደር ማለት ነው። ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ቤተሰቡ የዓመት ገቢውን የሚሰበስብበት ጊዜ ስለሆነ ሕክምናውን አቋርጦ የሚሄደውን ሰው መውቀስ አይቻልም። ግን በካርዱ ላይ «ሕክምና ጨርሷል» ተብሎ ከተጻፈና ቁስሉ ከተመለሰ፣ የማይገባው ስም ተሕዋሱ ላይ ይለጠፋል።

በዚህ ላይ የምርመራ ስሕተት ይጨመራል። ሥጋ ደዌ፣ የቆዳ ቲቢና አንዳንድ የፈንገስ ሕመሞች ቁንጭር ይመስላሉ፤ ለእነሱ አንቲሞኒ ምንም አይፈይድም። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ቁስል ደግሞ ተሕዋሱ መድኃኒት ባይላመድም ሊያገረሽ ይችላል። ቁስሉ በተቃጠለበት፣ ቅጠል በታሰረበት ወይም በባክቴሪያ በተመረዘበት ሁኔታም የመዳን ምልክቱን ማየት ያስቸግራል። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ቆዳው መዳኑን ይቀጥላል፤ ስለዚህ በ28ኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው። ሚዛናዊው ግምገማ ሕክምናው ከተጀመረ በ90ኛው ቀን፣ ማገርሸቱን ለማየት ደግሞ በ180ኛው ቀን የሚደረገው ነው።

ኔፓል የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እዚያ ካላ አዛርን ሚልቴፎሲን በተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ከታከሙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ 20 በመቶው አገረሸባቸው። ሁሉም ሰው መላመድን ጠረጠረ። ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተወሰዱት ተሕዋስያን ሲመረመሩ ግን ለመድኃኒቱ ያላቸው ምላሽ አልተለወጠም ነበር። በኋላ የታየው አንዱ ምክንያት በአንዳንድ ታካሚዎች፣ በተለይ በሕፃናት ሰውነት ውስጥ የነበረው የመድኃኒት መጠን ማነሱ ነው። በፔሩም እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ተሕዋሱ በላብራቶሪ ለአንቲሞኒ ያለው ምላሽ ከታካሚው መዳንና አለመዳን ጋር እንደማይገጥም አሳይቷል።

## መድኃኒቱ እንዴት ይገባል፣ ተሕዋሱስ እንዴት ያመልጣል?

ያም ሆኖ እውነተኛ መላመድ አለ። በሕንድ ቢሃር ግዛት እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት በትክክለኛ መጠን አንቲሞኒ ከወሰዱ የካላ አዛር ሕመምተኞች የዳኑት 35 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በአጎራባቹ ኡታር ፕራዴሽ ግን 86 በመቶ ድነዋል። መድኃኒቱና መጠኑ አንድ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ልዩነት መታየቱ ተሕዋሱን ወደ መመርመር አመራ።

መድኃኒቱ በብልቃጥ ውስጥ ሲሆን ተሕዋሱን በቀጥታ አይገድልም። ሰውነት ውስጥ ገብቶ በኬሚካላዊ ለውጥ ሌላ ዓይነት አንቲሞኒ መሆን አለበት፤ ገዳዩ ይህ የተለወጠው ነው። ወደ ተሕዋሱ ሆድ የሚገባውም በሽፋኑ ላይ ባለ አንድ የታወቀ በር በኩል ነው። ይህ በር አኳግሊሴሮፖሪን 1 የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ ዋና ሥራው እንደ ግሊሰሮል ያሉ ትናንሽ ሞለኪውሎችን ማሳለፍ ነው። አንቲሞኒው ከገባ በኋላ ትራይፓኖታዮን የተባለውንና ተሕዋሱ ከመርዝ የሚጠበቅበትን ኬሚካል ያዛባል።

የማምለጫ መንገዶቹ ከዚህ ይመነጫሉ። አንደኛው በሩን መዝጋት ወይም ማጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሕንድ ክፍለ አህጉር የተሰበሰቡ 204 የሌሽማንያ ዶኖቫኒ ናሙናዎች ዘረመል ተነብቦ በአንድ ወገን ውስጥ ሁለት ፊደል ብቻ ይህን በር በሚሠራው ዘረመል ላይ ተጨምረው ተገኙ። ዘረመል በሦስት በሦስት ፊደል ስለሚነበብ፣ ሁለት ፊደል ሲገባ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይፋለሳል፤ በሩም አይሠራም። ሁለተኛው መንገድ የገባውን አንቲሞኒ ኤምአርፒኤ በሚባል ፕሮቲን እያፈሱ ተሕዋሱ ውስጥ ባሉ ከረጢቶች ማሸግ ነው። ሦስተኛው ትራይፓኖታዮንን አብዝቶ ማምረት ነው።

ለሚልቴፎሲን ታሪኩ ሌላ ነው። መድኃኒቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባው የራሱ ማመላለሻ ፕሮቲን አለ፤ የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ላይ የሚደርስ አንድ ጉዳት ብቻውን ተሕዋሱን ሊያድነው ይችላል።

እዚህ ላይ ጠበቅ ተደርጎ መነገር ያለበት ነገር አለ። እነዚህ ምልክቶች በአብዛኛው የተገኙት ከዶኖቫኒና ከሌሎች ዝርያዎች ነው። ለሌሽማንያ ኤትዮፒካ «ይህ የፊደል ለውጥ ካለ አንቲሞኒ አይሠራም» ተብሎ በታካሚዎች ላይ የተረጋገጠ ምልክት የለም። ስለዚህ በጅማ ናሙና ላይ በሩ አካባቢ አንድ የተለየ ፊደል ቢገኝ፣ ምናልባት የኤትዮፒካ የተፈጥሮ መልኩ ሊሆን ይችላል። ከተሳካለት ታካሚ ናሙና ጋር ሳይነጻጸር መላመድ ነው ማለት አይቻልም።

## የፊደል ለውጥ ብቻ አይደለም

ሰው ከእያንዳንዱ ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረመሎቹ ከተደረደሩበት ክር፣ ሁለት ቅጂ አለው፤ ቁጥሩ ቢዛባ ከባድ ሕመም ይከተላል። ሌሽማንያ እንዲህ አይደለም። የኤትዮፒካ 36 ክሮሞዞሞች አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት፣ ሌላው አራት ቅጂ ይዘው ያለ ችግር ይኖራሉ። ተሕዋሱ የዘረመሎቹን ሥራ እያንዳንዱን ለብቻው የሚያበራና የሚያጠፋበት ሥርዓት ደካማ ስለሆነ፣ አንድን ፕሮቲን ማብዛት ሲፈልግ የሚቀናው ዘረመሉን ወይም መላውን ክሮሞዞም ማባዛት ነው። የኤምአርፒኤ ዘረመል ያለበት የ23ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተባዝቶ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ለሚያነበው ባለሙያ ትልቅ ትርጉም አለው። የፊደል ለውጥ ብቻ ፈልጎ የሚመለስ ምርመራ የቅጂ ብዛትን ያልፈዋል። ብዛቱ የሚታወቀው በንባብ ጥልቀት፣ ማለትም መሣሪያው እያንዳንዱን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳነበበው በመቁጠር ነው። አብዛኞቹ ክሮሞዞሞች በአማካይ 40 ጊዜ ከተነበቡና ሁለት ሁለት ቅጂ እንዳላቸው ከተያዘ፣ 80 ጊዜ የተነበበው ክሮሞዞም አራት ቅጂ አለው ማለት ነው። 31ኛው ክሮሞዞም በአብዛኞቹ የሌሽማንያ ዝርያዎች በተለምዶ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ይገኛል። የአንቲሞኒው በር ዘረመል የተቀመጠውም እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ከአራቱ ቅጂ አንዱ ላይ ብቻ ያለ ጉዳት በሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፤ የተጎዳው ቅጂ ስንተኛ እጅ እንደሆነ ሳይገለጽ «ለውጥ ተገኝቷል» ብሎ መጻፍ አንባቢን ያሳስታል።

ሌላው ጉዳይ መዳቀል ነው። የተለያዩ የሌሽማንያ ዝርያዎች በዝንቧ ሆድ ውስጥ ተገናኝተው ዘረመል ይለዋወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የኤትዮፒካ ዘረመል ጥናት ቀድሞ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ ናሙናዎች መካከል የኤትዮፒካና የዶኖቫኒ፣ እንዲሁም የኤትዮፒካና ትሮፒካ የተባለው ሌላ የሌሽማንያ ዝርያ ዲቃላዎችን አግኝቷል። የትኛው ዝርያ እንደሆነ ለማወቅ አንድ አጭር የዘረመል ክፍል ብቻ የሚያይ ምርመራ እንዲህ ያለውን ዲቃላ ለይቶ ላያሳይ ይችላል።

## ናሙናው የሚበላሽባቸው ቦታዎች

የትንተናው ዕጣ የሚወሰነው ከኮምፒውተሩ በፊት፣ ቆዳ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ነው።

ቁስሉ መካከሉ የሞተ ሥጋ፣ መግልና ባክቴሪያ ያለበት ስለሆነ ተሕዋሱ እዚያ ጥቂት ነው። ናሙና የሚወሰደው ካበጠው ጠርዝ ነው። ቅርፊቱ ይነሣል፤ ቦታው በ70 በመቶ አልኮል ይጸዳል፤ አልኮሉም ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል። እርጥብ አልኮል ላይ የተፋቀ ናሙና በላብራቶሪ ማሳደጊያ (ካልቸር) ውስጥ አይበቅልም፤ ተሕዋሱ ሞቷልና። ማደንዘዣ ከተሰጠ በኋላ ጠርዙ በሁለት ጣት ጠበቅ ተደርጎ ተይዞ ደሙ እንዲሸሽ ይደረጋል፤ በ15 ቁጥር ምላጭ 5 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ይበጅና ግድግዳው ይፋቃል። የሚፈለገው የቆዳው ውስጥ ጭማቂ እንጂ ደም አይደለም። ደም ከበዛ ሁለት ነገር ይበላሻል፤ በማይክሮስኮፕ በሚታየው የመስታወት ስላይድ ላይ ተሕዋሱ በቀይ ሕዋሳት ይሸፈናል፤ የደሙ ቀይ ቀለም ደግሞ በኋላ ፒሲአር የተባለውን ዘረመል የማባዛት ሥራ ያግዳል።

የመጀመሪያው ፍቅፋቂ ስላይድ ላይ ይቀባል፣ በሜታኖል ይጸናል፣ በጊምሳ ቀለም ይነከራል። በ100 ሌንስ ዘይት ተጨምሮ ሲታይ ከ2 እስከ 4 ማይክሮ ሜትር የሆኑ ክብ ነገሮች፣ በውስጣቸው አንድ ትልቅ ክብ ነጥብና አጠገቡ አንድ ትንሽ በትር መሰል ነጥብ ያላቸው ከታዩ ሌሽማንያ ነው። ሁለቱ ነጥቦች አንድ ላይ ካልታዩ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ፈንገስ በዚህ መንገድ ተሳስቶ ይነበባል።

ሁለተኛው ፍቅፋቂ ለዘረመል ነው። በንጹሕ አልኮል ወይም ዘረመልን በሚያቆይ ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል። እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስሕተት ቁራጭ ቆዳን ፎርማሊን ውስጥ መክተት ነው። ፎርማሊን ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋውን በማይክሮስኮፕ ለመመርመር፣ ጥሩ ነው፤ ዘረመልን ግን ይሰባብራል፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ንባብ አይገኝም። ቆዳው ለሁለቱም ከተፈለገ ሲቆረጥ ለሁለት መከፈል አለበት። ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋ እየቀለጠ ሲመጣ መልሶ እየረጋ የሚቆይ ናሙናም እንዲሁ ይደክማል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ በአልኮል ውስጥ ያለ ናሙና ፍሪዘር ላይ ከተመካው ይልቅ ያስተማምናል።

ላብራቶሪው ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ተሕዋሱ መኖሩን ለማወቅ የኪኔቶፕላስቱን፣ ማለትም የዚያን በትር መሰል ትንሽ ነጥብ፣ ክብ ዘረመሎች ማባዛት ይመረጣል፤ በአንድ ሕዋስ ውስጥ 10 ሺህ ገደማ ቅጂ ስላላቸው ጥቂት ተሕዋስ ብቻ ቢኖርም ይታያል። ይኸው ብርታቱ ድክመቱም ነው፤ ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው የዘለለ እጅግ ጥቂት ቅሪት ጤናማውን ሰው በሽተኛ ያሰኛል። ስለዚህ ባዶ መቆጣጠሪያ ቱቦ ያልተካተተበት ውጤት ዋጋ የለውም። ዝርያውን ለመለየት አይቲኤስ 1 የሚባለው ክፍል ተባዝቶ በኤንዛይም ይቆረጣል፤ ቁርጥራጮቹ በጄል ላይ ሲደረደሩ ዝርያው ይታወቃል። እስከዚህ ድረስ ስለ መድኃኒት የተባለ ነገር የለም። «ፒሲአር ፖዘቲቭ» መሆን መላመድን አያሳይም።

ስለ መላመድ ለማወቅ ሙሉውን ዘረመል ማንበብ ይጠይቃል፤ ወደ 33 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ነው። ችግሩ ከቁስል ከተወሰደ ናሙና ውስጥ ያለው ዘረመል ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ በላይ የሰውየው መሆኑ ነው። ሁለት መውጫ አለ። አንዱ ተሕዋሱን በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለሳምንታት ማብቀል ነው። ኤትዮፒካ ቀስ ብሎ ስለሚበቅል ባክቴሪያና ሻጋታ ይቀድሙታል፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ናሙና ይጠፋል። የበቀለውም ቢሆን ከታካሚው ቆዳ ውስጥ ከነበረው ይለያል፤ ከሕንድ ክፍለ አህጉር የካላ አዛር ታካሚዎች በቀጥታ የተነበቡ ናሙናዎች ያሳዩት የክሮሞዞሞች የቅጂ ብዛት በላብራቶሪ ማሳደጊያ ሲበቅሉ እንደሚለወጥ ነው። ሁለተኛው መውጫ ለሌሽማንያ ዘረመል ብቻ በተሠሩ መያዣ ቁርጥራጮች የተሕዋሱን ዘረመል ከሰው ዘረመል ለይቶ ማጥመድ ነው። ውድ ነው፤ ግን የሚያነበው ታካሚው ላይ የነበረውን ነው። ገንዘቡ ለጥቂት ናሙና ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሁለተኛውን መምረጥ ይሻላል።

የዘረመል ንባቡ በሕያው ተሕዋስ ላይ ካልተፈተነም ግምት ሆኖ ይቀራል። በዚህም ፈተና ሁለት ወጥመድ አለ። በዝንብ ሆድ ውስጥ የሚኖረው ባለ ጅራቱ ተሕዋስ በብልቃጡ መድኃኒት ብዙም አይነካም፤ በእሱ ላይ የሞከረ ሰው ሁሉንም «የተላመደ» ይላል። ትክክለኛው ፈተና ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ባለው ክብ ተሕዋስ ላይ የሚደረገው ነው። በተቃራኒው አንዳንድ የገበያ ብልቃጦች እንዳይበላሹ የሚጨመርባቸው ክሎሮክሬሶል ራሱ ተሕዋሱን ስለሚገድል፣ ከመድኃኒት መደብር በመጣ መርፌ የተሞከረ ተሕዋስ ያለ ልክ ደካማ ይመስላል።

## መላመዱ ቢኖርስ ይዛመታል?

ቢሃርንና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን አንድ ማድረግ የማይቻልበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። በሕንድ ካላ አዛር የሚሄደው ከሰው ወደ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ መድኃኒት ሲወስድ የተረፈው ተሕዋስ ወደሚቀጥለው ሰው ይሻገራል። ቁንጭር በአገራችን በዋነኛነት ከሽኮኮ ወደ ሰው ነው። ሽኮኮ መድኃኒት አይወስድም። አንድ ታካሚ ላይ የተላመደ ተሕዋስ ቢፈጠርም፣ ብዙ ጊዜ ከቁስሉ ጋር ጠባሳ ሆኖ ይቀራል እንጂ ወደ ገደሉ አይመለስም። በዚህ መሠረት ሰፊ የመላመድ ወረርሽኝ አደጋው ዝቅተኛ ነው የሚሉ ባለሙያዎች ክርክር ጠንካራ ነው።

በተቃራኒው የሚነሣውም ሊናቅ አይገባውም። መላ ሰውነቱ የተወረረ ታካሚ ለዓመታት በርካታ ተሕዋስ ተሸክሞ፣ ለዓመታት በተቆራረጠ መጠን እየታከመ ይኖራል፤ የአሸዋ ዝንብ ቤት ውስጥ በምትነድፍበት መንደር ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ራሱ የተሕዋሱ መጠለያ ይሆናል። መላመድም ሁልጊዜ ከመድኃኒት አይመጣም። በቢሃር የጉድጓድ ውኃ ውስጥ የነበረው አርሰኒክ፣ የአንቲሞኒ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ፣ ተሕዋሱን አስቀድሞ ሳያለማምደው አልቀረም የሚል ብርቱ መላምት አለ። ከሁሉም በላይ ኤትዮፒካ በተፈጥሮው ለአንቲሞኒ እምብዛም እንደማይበገር ከቆየ ልምድ ይታወቃል። መላ ሰውነትን ለሚወርረው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያ አንቲሞኒ አሚኖሲዲን ከተባለ አንቲባዮቲክ ጋር ተጣምሮ የተሞከረውም አንቲሞኒ ብቻውን ስላልበቃ ነው። በተፈጥሮ አለመበገርን ከጊዜ በኋላ ከመጣ መላመድ የሚለየው ደግሞ ከሕክምና በፊት የተወሰደ ናሙና ብቻ ነው።

## ገንዘቡ የት ይዋል?

ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ስላይድ የሚያነብ ሰው በሌለባቸው ጤና ጣቢያዎች፣ መድኃኒቱ ራሱ በየጊዜው በሚጠፋበት አገር የዘረመል ንባብ ቅንጦት ነው ይላል። ሁለተኛው ሳይነበብ በቆየ ቁጥር ታካሚዎች የማይሠራ መርዛማ መርፌ ይወጋሉ፤ አንቲሞኒ ልብን፣ ቆሽትንና ጉበትን የሚጎዳ መድኃኒት ስለሆነ በግምት መስጠቱ ራሱ በደል ነው ይላል።

ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን እንደ ተፎካካሪ መቅረባቸው ትክክል አይመስልም። ዋናው ወጪ የሚመጣው በንባቡ ጊዜ ነው፤ ናሙናውን መውሰድና ማስቀመጥ ርካሽ ነው። አንድ ተጨማሪ ፍቅፋቂ፣ አንድ ቱቦ አልኮልና አንድ ቅጽ ይበቃል። በቅጹ ላይ ክብደት፣ የቀን መጠን፣ የታለፉ ቀናት፣ የብልቃጡ መለያ ቁጥርና ናሙናው የተወሰደበት ቁስል ይጻፉ። የመጀመሪያው ናሙና ከመጀመሪያው መርፌ በፊት፣ ሁለተኛው ካልዳነ ከዚያው ቁስል ይወሰድ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በሰኮሩ የትሮፒካልና ተላላፊ በሽታዎች ምርምር ማዕከል አለው፤ አዲስ አበባ ያለው፣ በቆዳ በሽታ ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋምም ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ቱቦው ከተቀመጠ ንባቡ ዘንድሮም ሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊደረግ ይችላል። ከሕክምና በፊት ያልተወሰደ ናሙና ግን በምንም ገንዘብ ወደ ኋላ ተመልሶ አይገኝም።

ሚልቴፎሲን ለቁንጭር ይበልጥ ጥቅም ላይ ሲውል ይህ አስቸኳይ ይሆናል። መድኃኒቱ ለ28 ቀን የሚዋጥ እንክብል ስለሆነ ለገጠር ሰው ከመርፌ እጅግ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፤ ፅንስን ስለሚጎዳም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ሌሎች ሴቶችም ካቆሙ በኋላ ለ5 ወር እርግዝና መከላከል አለባቸው። ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ካለቀ በኋላ ተሕዋሱን ለመግደል በማይበቃ መጠን ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህና በአንድ ዘረመል ጉዳት ብቻ መላመድ መቻሉ ተደምሮ ከአንቲሞኒ ይልቅ በፍጥነት ሊበላሽ የሚችል መድኃኒት ያደርገዋል። የማመላለሻው ፕሮቲን ዘረመል በ13ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ የታወቀ ክፍል ስለሆነ፣ ሙሉውን 33 ሚሊዮን ፊደል ሳያነቡ እሱን ብቻ አባዝቶ ማየት ይቻላል። ለዚህም ሚልቴፎሲን ካልወሰዱ ሰዎች፣ ከተለያዩ ወረዳዎች፣ አሁን የተቀመጡ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ፤ የኤትዮፒካ ጤናማ መልክ ምን እንደሚመስል የሚታወቀው ከእነዚያ ነው።